የቢተው ደረት

ካብ ማለት ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፣ በሰው እጅና በሰው ትዕግሥት ብቻ ተደርድሮ የሚቆም ነገር ነው። ግንብ የሚሠራው አይፈርስም ተብሎ ነው፤ ካብ ግን የሚካበው መፍረሱ እየታወቀ ነው። ስለዚህ ግንብ ያስገነባ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲኮራ ይኖራል፤ ካብ የካበ ሰው ደግሞ ክረምት በወጣ ቁጥር የወደቀውን ሲያነሣ ይኖራል። ካብ ለማሳ ይሆናል፣ ለበረት ይሆናል፣ ለመቃብርም ይሆናል። በዝግባ ሜዳ ደግሞ አንድ ጊዜ ለጦርነት ሆኗል፤ እንዴት እንደሆነ ግን የካቡት ሰዎች ራሳቸው የገባቸው ከሆነ በኋላ ነው።

ወደ ዝግባ ሜዳ የሚሄድ ሰው ካቡን ዛሬም ያገኘዋል። አገሩ በሦስት ወገን ገደል ነው፤ በአራተኛው ብቻ ከቆቅ ውሃ ምድር ጋር በጠባብ የመሬት አንገት ይገናኛል፤ ካቡም ያንን አንገት ከገደል እስከ ገደል ይዘጋዋል። እንግዳን የሚያስገርመው ርዝመቱ ሳይሆን ቁመቱ ነው። እዚህ ጋ ሰው ደረት ይደርሳል፣ ጥቂት አለፍ ሲሉ ወደ ወገብ ይወርዳል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ዝቅ ይላል፤ ከሩቅ ሲያዩት ሰዎች ተሰልፈው የቆሙ ይመስላል። በምሥራቁ ገደል አፋፍ ላይ ከሁሉ የሚረዝመውና ከሁሉ የሚያጥረው ጎን ለጎን ናቸው። የአጭሩ ስም «የቢተው ደረት» ይባላል። በዚሁ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ዛሬም መሠረት ሲጥል የግድግዳውን ቁመት ባል ይለካል፣ ውፍረቱን ግን ሚስት በክንዷ ትለካለች፤ ለምን ብሎ የጠየቀ እንግዳም መልስ አይሰጠውም፣ ወደዚያው አፋፍ ይወሰዳል እንጂ።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት በጥንቱ ዘመን የቆቅ ውሃ ሰዎች ክረምት ወጥቶ መንገዱ ሲጠጥር በየዓመቱ እየመጡ የዝግባ ሜዳን ከብት ይነዱ ነበር። የሚመራቸው አበጋዝ አጥናፌ የሚባል ሰው ነበር፤ ደፋርና ሳቂታ፣ በሰው በረት ውስጥ እንደ ቤቱ የሚዝናና ሰው ነበር ይባላል። የዝግባ ሜዳ ሹም ደግሞ ገላውዴ ይባል ነበር። ይህ ሹም ከአገሩ ሁሉ ረጅም ስለነበረ ሰው ሲያናግር ወደ ታች ማየት ልማድ ሆኖበት ነበር። በአምስተኛው ዓመት ዘረፋ ማግስት ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰብስቦ፣

«ከዛሬ ጀምሮ ከብታችን የኛ ነው!» አለ። ይህ ከዚያ በፊት በግልጽ ተነግሮ አያውቅም ነበርና ሕዝቡ እልል አለ። «አንገቱን በካብ እንዘጋዋለን። ለየአባወራው በገመድ ተለክቶ በዕጣ ይደርሰዋል። ቁመቱ እስከ ደረት፣ ወርዱ ሁለት ክንድ ይሁን!»

የማን ደረት ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በዝግባ ሜዳ ማሳውንም ጋቢውንም ሁሉም በየራሱ አካል ይለካ ስለነበረ ጥያቄው ለማንም አልታየውም። እያንዳንዱ ወደ ድርሻው ሄዶ እስከ ደረቱ ካበ፤ ካቡም በሦስት ዓመት ሲያልቅ የአገሩን አባወራዎች ቁመት አንድ በአንድ ይዞ ቆመ።

ዕጣ ቀልደኛ ስለሆነ የምሥራቁ አፋፍ ለቢተው ወጣ፤ የእሱ ጎረቤትም ሹሙ ራሱ ሆነ። ቢተው ከአገሩ ወንዶች ሁሉ አጭሩ ነበር። ማሳው እዚያው ካቡ ሥር ነበረ፤ አገር የተወው ድንጋያም መሬት ስለነበረ ማንም አልተቀናቀነውም። ሚስቱ ማንጠግቦሽ ደግሞ ከእሱ በአንድ ራስ ትበልጥ ነበርና ገበያ አብረው ሲሄዱ ሰው መጀመሪያ እሷን ሰላም ብሎ ቀጥሎ ቢተውን ይፈልግ ነበር ይባላል። ቢተው ግን ድንጋይ ያውቅ ነበር። አንዱን ድንጋይ አንሥቶ ሁለቴ ሲያገላብጠው የሚቀመጥበትን ቦታ ዓይኑ አስቀድሞ ያገኘው ነበር።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ማንጠግቦሽ ምሳ ይዛለት መጣች።

«የት ደረሰ?» አለችው።

«ደረቴ ጋ።»

ካቡ አጠገብ ቆማ አየችው። «ያንተ ደረት እኮ ለሌላው ሰው እምብርት ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አዋጁ እስከ ደረት ነው ያለው። የጎረቤት ደረት ልዋስ?»

«አትዋስ። ቁመቱን እግዜር ለክቶ ጨርሶታል፤ ወርዱን እኔ እለካዋለሁ» አለችና ክንዷን ካቡ ላይ ዘረጋች። አንድ፣ ሁለት ብላ አላቆመችም። አራት አለች።

«አዋጁ ሁለት ነው!»

«ማሳህ ውስጥ ያለው ድንጋይ ሁለት ክንድ አይጨርሰውም። እኔ እንደሆነ እሱን እየዘለልኩ ማረም ሰልችቶኛል።»

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ሁለቱም ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ማሳቸውን እየለቀሙ ካቡን አወፈሩት። ቢተው ረጃጅሙን ድንጋይ እየመረጠ ከዳር እዳር አጋድሞ ሁለቱን ፊት አሰረበት፤ መካከሉን በጠጠር ሞላው። ያለፈ ያገደመውም ሁሉ የሚለው ነገር አላጣም።

«ቢተው፣ ይኼ ካብ ነው ወይስ መደብ?»

«አልጋ ነው እንጂ! ሚስቱ እግሯን የምትዘረጋበት አጥታ!»

ቢተው ድንጋዩን እያገላበጠ፣ «ስትደክሙ ኑና ተኙበት» ይል ነበር።

የሹሙ ድርሻ ነገሩ ሌላ ነበር። ቁመት ከሩቅ ይታያል፣ ወርድ ግን አይታይም፤ የሹሙ ሎሌዎችም ሁለቱን ክንድ ወደ አንድ ድንጋይ አቅጥነው ካቡን ወደ ላይ አቆሙት። ጌታቸውም በፈረስ መጥቶ ከሩቅ አይቶ ተደሰተ። በዚያው ክረምት አንድ ኮርማ ጎኑን ሊያክ ቢጠጋው ካቡ ተንዶ ወለል አለ። ያየው ቢተው ብቻ ነበር። ሎሌዎቹ እየለመኑት አብሯቸው መልሶ ካበው፤ ላይናገርም ቃል ገባ። ለሚስት የተነገረ እንደ ተነገረ ስለማይቆጠር፣ ከኮርማውና ከማንጠግቦሽ በስተቀር የሚያውቅ ሌላ አልነበረም።

አጥናፌ ሁለት ዓመት ሳይመጣ ቀረ፤ ዝግባ ሜዳም ካቡ ሠራ ብሎ ዘፈነ። በሦስተኛው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ አርባ የሚሆኑ የቆቅ ውሃ ሰዎች በገደሉ ጉም ተሸፍነው መጡ። የካቡ በር መካከል ላይ ስለነበረና ጠባቂ ስለነበረበት ወደዚያ አልሄዱም፤ ካቡን ከዳር እዳር አይተው ከሁሉ አጭሩን መረጡ። ጦራቸውን አስቀድመው አሻገሩና እንደ ግልገል ዘለሉት። አጥናፌ ግን ወርዱ ስለተመቸው መሬት ከመውረዱ በፊት እላዩ ላይ ተቀምጦ፣

«ይኼን ሁሉ ዓመት ድንጋይ የተሸከሙት ለኔ መቀመጫ ኖሯል? አሳፈሩኝ እኮ!» አለ ይባላል። ከዚያም ወርደው በሜዳው የተሰማራውን ከብት አንድ ላይ መንዳት ጀመሩ። ሦስት መቶ ነበር የሚሉ አሉ፣ ሰባት መቶ ነበር የሚሉም አሉ፤ በአፈ ታሪክ ያለ ከብት በየዓመቱ ይወልዳል።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ቅዳሴው ገና መውጣቱ ነበር። ከበሩ የመጣው ሰው ትንፋሹ ሳይመለስ፣ «ገቡ! በቢተው በኩል ገቡ! ከብቱ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቢተው ዞረ። ቢተው ከሰው መካከል ስለማይታይ ከዞረው ግማሹ ሲፈልገው ቀረ። ሹም ገላውዴ ግን ከላይ ያይ ነበርና አገኘው።

«አንተ!» አለው። «አገር የተደፈረው ባንተ ደረት ነው! ስማ፣ ሚካኤል ይመስክርብኝ፣ ከዚህ አገር ሰኮና ያላት አንዲት ነገር እንኳ በዚያ በኩል ተነድታ ብትወጣ አንተም ተከትለህ ትወጣለህ! ማሳህን ለሌላ እሰጠዋለሁ፤ ልጅህም የልጅ ልጅህም ይህችን አፈር አይረግጣትም!»

በሚካኤል ደጅ፣ በሚካኤል ቀን፣ አገር ሁሉ እየሰማ የተማለ መሐላ ነበር። ለዚያ ማሳ ስንት ዓመት እንደጎነበሰ የቢተው ጀርባ ያውቅ ነበር። ወንዶቹ ጦርና ጋሻቸውን ሊያነሡ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እሱ ባዶ እጁን ወደ ካቡ ሮጠ። ማንጠግቦሽም ተከተለችው፤ እሱ ይሮጥ ነበር፣ እሷ ግን በእርምጃ ደረሰችበት።

ከካቡ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጥተው ቁልቁል ሲያዩ ቢተው ያልጠበቀውን አየ። ከብቱ ቆሟል። ዘራፊዎቹ ከብቱን ወደገቡበት ነድተው አምጥተውት ነበር፤ ከብት ግን ጦሩን አሻግሮ በእጁ ተንጠልጥሎ አይዘልም። የፊቱ በሬ የካቡን አናት አሸተተና ዞረ፤ የኋላው ገፋው፤ ሁሉም በአፋፉና በካቡ መካከል ተጠቅጥቆ ያገሳ ጀመር። ካብ ሰውን አያቆምም፤ ሰው መውጣት የሚወድ ፍጥረት ነው። ካብ የሚያቆመው ሰው ይዞት ሊሄድ የመጣውን ነገር ነው። ይህን ሹም ገላውዴ አስቀድሞ አስቦት ነበር የሚሉ አሉ፤ የሚሉትም የሹሙ ዘሮች ናቸው።

«ከብቱን ወደ በሩ እንንዳው!» አለ ከዘራፊዎቹ አንዱ።

«በሩ ላይ ጠባቂ አለ፤ ከብቱም እንዲህ ተጠቅጥቆ አይዞርም» አለ አጥናፌ። «አፍርሱት! የዘለልነው ካብ እኮ ነው፣ ምን አለበት!»

ማፍረስ ጀመሩ። የላይኛው ረድፍ ቶሎ ተነሣ። ከሥሩ ግን ከዳር እዳር የተጋደመው ረጅም ድንጋይ መጣ፤ አንዱን ለማውጣት ሁለት ማንሣት ግድ ሆነ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ ሌላ ነበረ። ወርዱ አላልቅ አለ። ጸሐይ ወጣ አለች፣ ጉሙም ተገፈፈ፤ ከበሩ በኩል የጠባቂዎቹ ቀንደ መለከት መጮህ ጀመረ። ይህን ጊዜ ከዘራፊዎቹ አንዱ ላቡን ጠርጎ ወደ ጎን አየና፣

«ጌታዬ፣ ይኼን ረጅሙን ብንሞክረውስ?» ብሎ እጁን ወደ ሹሙ ካብ ዘረጋ።

ቢተው ኮርማው ትዝ አለው። ያ ሰው እጁን ሳይሆን ትከሻውን ቢያሳርፍ ካቡ ወለል ይላል፣ ከብቱም በገላጣ ሜዳ እንደሚሄድ ይሄዳል፤ ማሳውም ይሄዳል። አላሰበበትም። ከቋጥኙ ላይ ሁለት እጁን አንሥቶ ጮኸ፦

«ጌቶቼ! በሚካኤል ይዣችኋለሁ! ካቤን ተዉልኝ! ልትፈርስ ነው፣ ሦስት ድንጋይ ብቻ ነው የቀራት!»

አጥናፌ ቀና አለ። «ማነህ አንተ?»

«ባለቤቱ ነኝ ጌታዬ፣ ቢተው እባላለሁ።»

«ታዲያ ተነሥተህ አናግረኝ እንጂ! ለአበጋዝ ተቀምጠህ ነው የምትናገር?»

«ቆሜ ነው ጌታዬ።»

አርባው ሰው ድንጋዩን ጥሎ ሳቀ። አጥናፌ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ካቡና ባለቤቱ አንድ ልክ ናቸው!» አለ። ቢተው ግን አላፈረም፤ በሳቁ መካከል የቀንደ መለከቱን ድምፅ ይቆጥር ነበር። እጁን ወደ ሹሙ ካብ የዘረጋው ሰውዬ ግን እጁን ገና ከዚያ አላነሣም ነበር።

ይህን ጊዜ ማንጠግቦሽ ብድግ አለች።

«የድሀ ካብ ምን አደረጋችሁ?» ብላ ጮኸች። «ያንን አፍርሱ! ረጅሙን! የሹሙን! በሱ በኩል ውጡና ባሌን ተዉት!»

ቢተው ቀሚሷን ጎትቶ፣ «አንቺ ሴት፣ አበድሽ?» አለ በሹክሹክታ።

«ዝም በል» አለችው ከንፈሯ ሳይንቀሳቀስ።

አጥናፌ ወደ ረጅሙ ካብ አየ፣ ወደ አጭሩ አየ፣ ወደ ሴትዮዋ አየና ፈገግ አለ። «ብልጥ ናት» አለ ለሰዎቹ። «የባሏ ሊወድቅ ሲል ወደ ሹሙ ትመራናለች። ያን የሚያህል ካብ እስክናፈርስ ፋሲካ አይደርስም? አንተ፣ እጅህን አንሣ ከዚያ! የጀመርነውን እንጨርስ!»

እጁ ተነሣ። አርባውም ወደ ቢተው ካብ ተመለሱና በሙሉ ልባቸው ማፍረስ ጀመሩ። ቢተው በበኩሉ እስከ መጨረሻው አለመናቸው። «ወይኔ ካቤ!» ይላል። «ወይኔ ይቺ ድንጋይ! እሷ ከወጣች አለቀላት!» እሷ ስትወጣ ሌላዋ ትመጣለች። የሚያነሡትንም ድንጋይ የሚጥሉበት ቦታ አጥተው እግራቸው ሥር ስለከመሩት ካቡ ሲያጥር ክምሩ አደገ፤ ከብቱም ከካቡ ይልቅ ክምሩን ፈራ።

የዝግባ ሜዳ ሰው ደረሰ። ጦር ያገኘ በጦር፣ ዱላ ያገኘ በዱላ፣ ካህናቱ በቆሙበት መቋሚያ መጡ፤ በኅዳር ሚካኤል የዚያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ የሚገኝበት ሌላ ቀን አልነበረም፤ አጥናፌ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው ብሎ ቀኑን ሲመርጥ ሰው ሁሉ አብሮ እንደሚመጣ አላሰበበትም። ዘራፊዎቹ ፊታቸው ካብ፣ ጎናቸው ገደል፣ መካከላቸው ከብት፣ ኋላቸው አገር ሆነ። ሲገቡ እንደ ግልገል የዘለሉትን ካብ ሲወጡ ራሳቸው ባፈረሱት ድንጋይ ላይ እየተንሸራተቱ፣ ጋሻና ጫማ እየጣሉ ወጡት። አሥራ አንዱ ተያዙ። አጥናፌ አመለጠ፤ ጋሻው ግን ቀረና ለሚካኤል ተሰጠ። ከብቱም አንድ ሳይጎድል ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ እልልታውም ቆቅ ውሃ ድረስ ተሰማ ይባላል።

አንድ ሳይጎድል የተባለው ግን ስለ ከብቱ ነው። ከከብቱ ጋር አንዲት የሹሙ ፍየል አብራ መጥታ ኖሮ፣ በግርግሩ መካከል የፈረሰው ካብ ላይ ወጥታ፣ ወዲህም ወዲያም አይታ፣ ወደ ቆቅ ውሃ ወረደች። ሰው ሁሉ አያት።

በማግስቱ ሽማግሌ እዚያው ካቡ አጠገብ ተቀመጠ። ሹም ገላውዴ ነገሩ ቢከብደውም መሐላው መሐላ ነበር። «ሰኮና ያላት አንዲት ነገር ብያለሁ። ፍየል ሰኮና አላት» አለ ወደ መሬት እያየ፤ ይህን ጊዜ ግን ወደ ታች ያየው በቁመቱ ምክንያት አልነበረም። ቢተው ጎንበስ ብሎ የማሳውን አፈር ይነካ ነበር። ማንጠግቦሽ ከኋላው ቆማለች።

የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ቄስ ነበሩ። «መሐላውን እኔም ሰምቻለሁ» አሉ። «ሹማችን ያሉት ተነድታ ብትወጣ ነው። እስቲ ይቺን ፍየል ማን ነዳት?»

ከተያዙት ከአሥራ አንዱ አንዱ እጁን አነሣ። «አባቴ፣ እኛ አልነዳናትም። ከዚያ ሜዳ አብራን መጣች እንጂ እኛማ እንዲያውም ልናስቀራት ሞክረን ነበር፤ ድንጋይ ባነሣን ቁጥር እግራችን ሥር እየገባች አስቸገረችን።»

«ስለዚህ በራሷ ፈቃድ ሄዳለች» አሉ አባ ወልደ ሩፋኤል። «የሚሰደድ ቢኖር እሷ ናት፤ እሷም ተሰዳለች።»

ሹም ገላውዴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያም ሹም ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንለት፣ «ለወደፊቱ ግን ሁሉም ካቡን እንደኔ ያቁም!» አለ።

«ጌታዬ» አለች ማንጠግቦሽ፣ «ቆሜ ደከመኝ፤ እዚህ ላይ ልደገፍ?»

«ተደገፊ» አለ ሹሙ።

ማንጠግቦሽ የሹሙን ካብ በትከሻዋ ተደገፈች። ካቡም በኮርማው ጊዜ እንደሆነው ተንዶ ወለል አለ። አቧራው ሲረጋ ሽማግሌው ሁሉ ወደ ቆቅ ውሃ ምድር በግልጥ ያይ ነበር፤ ከተያዙት ሰዎችም አንዱ፣ ያ እጁን የዘረጋው፣ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሹም ገላውዴ የወደቀውን አየ፤ ከዚያ በቢተው ካብ ውስጥ ገና ሳይፈርስ የቀረውን ወርድ በዓይኑ ለካ። ክፉ ሰው እንዳልነበረ የሚመሰክሩለት በዚህ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ቁመቱን ባል ይለካ፤ ወርዱን ሚስት ትለካ።» ይህ ሁለተኛው አዋጁ ነው፤ የመጀመሪያው ተረስቶ ይኼኛው ቀረ።

ቢተው የፈረሰውን መልሶ ሲክብ አንድ ክንድ ከፍ ላድርገው ቢል አገር ሁሉ ተቃወመው። «እንዳትነካት!» አሉት። «እዚያ ካልገቡ የት እንደሚገቡ በምን እናውቃለን?» እውነትም የቆቅ ውሃ ሰዎች ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ገቡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከብት ይዘው እዚያው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ መምጣት የጀመሩት በበሩ በኩል፣ ልጅ ለመዳርና ልጅ ለመለመን ነው። እስከ ዛሬም ከቆቅ ውሃ የሚመጡ ሚዜዎች የቢተውን ደረት እየዘለሉ ይገባሉ፤ ጥሎሽ የሚሆነው ከብት ግን በበሩ ይዞራል።

በኅዳር ሚካኤል ማግስት የዝግባ ሜዳ አባወራዎች የየድርሻቸውን ካብ ይጠግናሉ። የሹሙ ዘሮች ካብ አሁን አራት ክንድ ይወፍራል። የቢተው ዘሮች በዚያው ማሳ ላይ አሉ፤ በእናታቸው ወገን ስለወጡ ረጃጅሞች ናቸው፣ ካቡን ግን ከአባታቸው ደረት አላሳለፉትም። ፍየሏ አልተመለሰችም።